አይጥ መከላከያ፣ ባለአራት እግር

ለጋሽ ልክ ይህን ስም ያወጡላቸው እናት አባታቸው አይደሉም፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጋሽ ልክ አንድ ነገር ሰጥተው ወይም ተቀብለው ሲጨርሱ፣ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያዩ «ልክ ነው?» ሳይሉ አይለቁትም። ሁለት ካርቶን ጠመኔ አስረክበው «ልክ ነው?» ይላሉ። ሻይ ጠጥተው ባዶውን ብርጭቆ ለአስተናጋጇ ሲመልሱም «ልክ ነው?» ይላሉ። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ ለለቅሶ የተዋሱትን ወንበር ለጎረቤት ሲመልሱ፣ እንባቸው ሳይደርቅ አንድ በአንድ ቆጥረው «ልክ ነው?» ማለታቸውን የሰፈሩ ሰው እስካሁን ያወራዋል።

ሥራቸው የመማሪያ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእጃቸው አንዲት እርሳስ አልጠፋችም። አንድ ጊዜ አንዲት ጎድላ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ሰንብተው፣ በአራተኛው ቀን ከገዛ ጆሯቸው ጀርባ ተገኝታለች። በየዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲያልቅ «ምንም ጉድለት አልተገኘም» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። እሳቸውም በፍሬም አስገብተው ከጠረጴዛቸው በላይ ይሰቅሉታል። ሃያ ሁለቱም በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ ከጎናቸው ለሃያ ሦስተኛው ምስማሩ ቀድሞ ተመትቷል። ሌላው ሰው የልጆቹን ፎቶ እንደሚያሳየው እሳቸው ለእንግዳ የሚያሳዩት ይህንን ነው።

ግምጃ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ይነካሉ፤ ከአንደኛ ክፍል ተነስተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይዘልቃሉ። ሽታው የሙጫና የአቧራ ነው። ወረቀት ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ከስምንት ዓመት በፊት አይጦቹ የአምስተኛ ክፍል ሳይንስን እስከ ገጽ አርባ ድረስ በልተው ጨርሰው ነበር። ሂሳብን ግን አልነኩም፤ በዚህ ነገር ጋሽ ልክ አይፈርዱባቸውም።

ያን ጊዜ ነው ግልገሏ ድመት የመጣችው። ከግምጃ ቤቱ ጀርባ የነበረ ተከራይ ቤት ሲለቅ አልጋውንም ምንጣፉንም ጭኖ፣ እርጉዝ ድመቱን ረስቶ ሄደ። እናቲቱ የት እንደገባች ሳይታወቅ፣ አንዲት ግራጫ ልጇ በተሰበረው መስኮት ሾልካ ገባች። ጋሽ ልክ «ውጪ!» አሏት። አልወጣችም። መጥረጊያ አነሱባት፤ መደርደሪያ ላይ ወጥታ ቁልቁል አየቻቸው። ባለቤታቸው በሞቱ በሦስተኛው ወር ነበርና ሰውየው ከማንም ጋር ለመጣላት አቅም አልነበራቸውም። ከምሳቸው ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል ወለሉ ላይ አስቀመጡና «ለዛሬ ብቻ» አሏት።

በሁለተኛው ሳምንት ድንገተኛ ተቆጣጣሪ መጣ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ በግምጃ ቤት ውስጥ በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር መገኘት የለበትም። ተቆጣጣሪው መደርደሪያው ላይ ሁለት ቢጫ ዓይኖች አየና «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ጋሽ ልክ ላብ በላብ ሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን «ድመት ናት፣ ከውጭ ገብታ ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። እሳቸው ግን መዝገቡን ገልጠው፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ሲሉ አሰፈሩ፦ «መለያ ቁጥር 0417። አይጥ መከላከያ፣ ባለአራት እግር። ቀለም ግራጫ። ብዛት አንድ። ይዞታ፦ አዲስ።» ተቆጣጣሪው አንብቦ ፈረመበትና «ሁሉም ሠራተኛ እንደ እርስዎ ቢሆን» ብሎ ጨብጧቸው ሄደ።

ቁጥር የተቀረጸበትን ቆርቆሮ አንገቷ ላይ ማሰር ስላልተቻለ፣ በምትተኛበት መደርደሪያ ላይ በምስማር መቱት። ስም አላወጡላትም። ወንበር ስም አይወጣለትም፣ መሰላል ስም አይወጣለትም፤ እሷም ንብረት ናት። ሰው በሌለበት ግን «እሜቴ» ይሏት ነበር። እሜቴን በስምንት ዓመት ውስጥ ማንም ነክቷት አያውቅም። ጋሽ ልክም ቢሆኑ አንድ እርምጃ ያህል ሲቀርቧት ብድግ ትላለች፤ ሁለተኛውን ከጨመሩ እግሬ አውጪኝ ነው። አይጥ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አልታየም።

ጉዱ የፈላው መሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩን ሁሉ በኮምፒዩተር ያስገባ ዕለት ነው። ሰኞ ጠዋት የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወረቀት ታቅፋ መጣች። ቀልጣፋ ሴት ናት፤ ስትራመድ ጫማዋ ቀድሟት ይደርሳል።

«ጋሽ ልክ፣ እነዚህ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉና መወገድ ያለባቸው ናቸው። የተሰባበሩ ወንበሮች ገብተውኛል። ማራገቢያውም ገብቶኛል። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ግን አልገባኝም። ባለአራት እግር አይጥ መከላከያ ምን ዓይነት ማሽን ነው?»

«ማሽን አይደለም» አሉ ጋሽ ልክ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጋሽ ልክ በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። እሜቴ ከአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ በላይ ተጋድማ መዳፏን ትልሳለች። ሰብሳቢዋ መጀመሪያ ወረቀቷን አየች፣ ቀጥሎ ድመቷን አየች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እስኪያነባት ድረስ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ ልክ፣ ይሄኮ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቷል። ይወገድ ተብሎ ተፈርሞበታል።»

«ትሠራለች እኮ! አንድም ቀን ተበላሽታ አታውቅም። ጥገና እንኳ ጠይቄባት አላውቅም።»

«መመሪያው ትሥራ አትሥራ አይልም፤ ስንት ዓመቷ ነው ነው የሚለው። በጨረታ ይሸጥ ቢባል ማን ይገዛል? ወደ ሌላ ቢሮ ይዛወር ቢባል ማን ይረከባል? የቀረው ደግሞ ማቃጠል ነው።»

ጋሽ ልክ ክው አሉ። ሰብሳቢዋ ክፉ ሰው አልነበረችምና ቶሎ ብላ እጇን አወናጨፈች። «እኔ ድመት አላቃጥልም! ሕይወት ያለው ነገር ከሆነ የከተማው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነች ይጻፍልን። በዚያ መሠረት ትሄዳለች።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«የቤት እንስሳ ናት ካለ የመሥሪያ ቤት ንብረት መሆን አትችልም። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው በኮሚቴው ፊት አቅፏት ወደ ቤቱ ይወስዳታል። የዱር ናት ካለ የዱር እንስሳት ሰዎች መጥተው ጫካ ይለቋታል። ከቤት ሸፍታ የወጣች ናት ካለ ደግሞ...»

«ካለ ደግሞ?»

«የባዘነ ውሻና ድመት የሚገድሉ የከተማው አዳኞች አሉ» አለችና የወረቀቶቿን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች። «በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሐኪሙ ይመጣል። ከእኔ አይቁጠሩት፣ ጋሽ ልክ።»

ሰብሳቢዋ ስትወጣ ጋሽ ልክ የነገረቻቸውን ሦስት መውጫዎች በየተራ አሰቧቸው። በሦስቱም የምትወጣው እሜቴ ናት። ሆዳቸው ባባ። ለአንድ መለያ ቁጥር ሆድ ሲባባ አይተው አያውቁምና ቁርስ ያልበሉ መስሏቸው ዳቦ ገዝተው በሉ፤ ምንም አልተሻላቸውም።

ጋሽ ልክ አብራቸው የምትኖር ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ናት። እሁድ እሁድ ጠዋት አባቷ «ቁልፉን ፈትሼ ልምጣ» ብለው ይወጣሉ። ግምጃ ቤቱ እሁድ ዝግ ነው፤ ቁልፉም ስንት ዓመት ተፈትሾ ያው ቁልፍ ነው። ልጅቷ አባቷ አንዲት ሴት እንደያዙ ከጠረጠረች ቆይታለች። አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። የሚያስደንቃት አባቷ ሲመለሱ ሽቶ ሽቶ ሳይሆን ዓሣ ዓሣ መሽተታቸው ነው። በዚያ እሁድ አባቷ ፊታቸው ጠቁሮ ሲወጡ ስታይ ተከተለቻቸው።

የግምጃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ልክ በመጽሐፍ ካርቶን ላይ ተቀምጠው፣ ከጋዜጣ ውስጥ የዓሣ ጭንቅላት እየፈቱ ያወራሉ። «እሜቴ፣ ዛሬ ትልቁ አልቆ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«አባዬ!»

እሜቴ እንደ ጥይት ተፈናጥራ ሰባተኛ ክፍል ጋ ተሰወረች። ጋሽ ልክ የዓሣውን ጭንቅላት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«እኔ እኮ ሴት ይዘህ መስሎኝ ነበር!»

«ሴትማ ሴት ናት» አሉ ጋሽ ልክ አንገታቸውን ደፍተው።

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ሁሉንም ነገር ሲነግሯት ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጋሽ ልክ እንደ ተማሪ ጠየቋት። «እንቁላል ከፊቴ ትበላለች። ስገባ ታውቀኛለች። ለምዳለች ማለት አይደለም? ለማዳ ከሆነች የቤት እንስሳ ናት ማለት ነው።»

«አይደለም፣ አባዬ። ለማዳ መሆንና የቤት እንስሳ መሆን ለየቅል ናቸው። አንበሳ ከግልገልነቱ ጀምረህ ብታሳድገው ይለምድሃል። ልጁ ሲወለድ ግን እንደገና ከሀ ትጀምራለህ፤ ምክንያቱም የዱር ነው። የቤት እንስሳ የሚባለው ዘር ማንዘሩ ከሰው ጋር ኖሮ ኖሮ ተፈጥሮው ራሱ የተለወጠው ነው። ላም በለው፣ በግ በለው፣ ዶሮ በለው።»

«ድመትስ?»

«ድመት መንገድ ላይ ሐሳቧን የቀየረች ይመስለኛል። ያም ሆነ ይህ የእሜቴ ዘር የቤት ነው፤ እናቷ ሰው ቤት ነበረች። እሷ ግን ግልገል ሆና የሰው እጅ አልነካትም። ስለዚህ ከሰው እጅ ወጣች። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ የዱር ማለት መጀመሪያውኑ እጃችን ገብቶ የማያውቅ ነው። የሸፈተ ማለት ግን እጃችን ላይ ነበረ፣ ከእጃችን ወጣ።»

ጋሽ ልክ ጋዜጣውን አጣጠፉ። «ሐኪሙ እውነቱን ከተናገረ አዳኞቹ ይመጣሉ ማለት ነው።»

«ወይ አቅፈሃት መውጣት አለብህ፤ ወይ ሐኪሙን የዱር ናት ብለህ ታሳምነዋለህ።»

«ልዋሽ?»

«እኔ ምን አልኩ? የመጣልኝን ነው ያወራሁት» አለች ልጅቷ። አባቷ ውሸት ሲሞክሩ አንድ ጊዜ አይታለች። ለጎረቤት «ወጡ ይጣፍጣል» ብለው፣ ቤት ሲደርሱ ጨው እንደበዛበት ሊነግሯት ተመልሰው ሄደው ነበር።

ሰኞ ጋሽ ልክ ማቀፍን ሊለማመዱ ተነሱ። ወፍራም ጓንት አጠለቁ፣ እንቁላል ላጡ፣ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቁ ቀረቡ። የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ሊያነጋግራቸው ገብቶ አለቃው በደረታቸው ሲሳቡ ቢያይ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ወገብዎት ነው እንዴ?» አለና ሊያነሳቸው ብብታቸው ሥር ገባ። እሜቴ በሁለቱም ላይ ተረማምዳ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ጓንቱን አውልቀው በባዶ እጅ ሞከሩ፤ የአውራ ጣታቸውን ሥር በሦስት መስመር አሰመረችላቸው። እኩል እኩል የተሰመሩ ነበሩና ጋሽ ልክ አልተናደዱም።

ማክሰኞ ደግሞ የዱር ሊያደርጓት ተነሱ። መስኮቱን በካርቶን ደፈኑት፣ ከጎን ወዳለው ቁጥቋጦ እንድትሄድ በጭብጨባ አስወጧት፣ «ሂጂ እንግዲህ፣ ዱር ግቢ!» ብለው በሩን ዘጉ። ዘወር ሲሉ ከአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ በላይ ተቀምጣለች። በየት እንደገባች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ልክ ለሐኪሙ ሊሰጡ ያሰቡትን ቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ መለማመድ ጀመሩ። «የዱር» ብለው ለመጻፍ «የ»ን ጻፉ፤ «ዱ» ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ወረቀቱን ቀደው ጣሉትና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ይችን ድመት ይወዷት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ንብረት ናት እያሉ ሲሸሹት የነበረው ነገር ይኸው ነው። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው እሷ ነበረች።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሐኪሙ መጣ። ቦት ጫማ ያጠለቀ፣ ክንዱ እንደ ምሰሶ የሆነ ወጣት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያከመው በሬ ነው። ደብተሩን ከፍቶ «እንስሳዋ የታለች?» አለ። ሰብሳቢዋ ወደ ላይ ስታሳየው ቀና አለና አስነጠሰ። ሁለተኛ አስነጠሰ። «ይቅርታ፣ የድመት ጸጉር... አይስማማኝም» አለ፤ ሦስተኛም ጨመረ።

«ድመት የማይስማማው ሐኪም?» አለ ዘበኛው።

«በሬ ይስማማኛል» አለ ሐኪሙ ተቀይሞ።

ሙከራው ቀላል ነበር። ሐኪሙ የሜትር ገመድ ወለሉ ላይ ዘረጋ። ሰው ቀስ እያለ ይጠጋታል፤ የምትሸሽበት ርቀት ይለካል። መጀመሪያ ራሱ ሄደ። ስምንት ሜትር ላይ አስነጠሰና እሜቴ ዘለለች። ዝላይዋ የሁለተኛ ክፍል ሥዕል መጽሐፍ ክምር ላይ ሆነ፤ ክምሩ ተናደና ዘበኛው እስከ ወገቡ ተቀበረ። እስኪቆፈር ተጠበቀ። ሰብሳቢዋ ጫማዋን አውልቃ ተጠጋች፤ አምስት ሜትር። ዘበኛው ተጠጋ፤ ሦስት ሜትር ተኩል። በመጨረሻ ጋሽ ልክ ሄዱ። ትንፋሻቸውን ይዘው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ያልተራመዱትን አረማመድ ተራመዱ። ሦስት ሜትር። ሁለት ሜትር። እሜቴ አየቻቸው። አንድ ሜትር ከሃያ ላይ ብድግ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸውና መደርደሪያው ጫፍ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«እንቁላል ይዤ ቢሆን ዘጠና ትደርስ ነበር» አሉ ጋሽ ልክ።

ሐኪሙ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ጻፈ። «የዱር አይደለችም፤ ዘሯ የቤት ነው፣ የሰውን ደጅም አትለቅም። የቤትም አይደለችም፤ የምታስነካው ሰው የለም። የሸፈተች ናት።» አለና ራሱም ደስ እንዳላለው አንገቱን አከከ።

 ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አወጣችና ሳትጽፍ ያዘችው። ዘበኛው ከንፈሩን መጠጠ። ጋሽ ልክ ግን አንድ ነገር ጆሯቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሐኪም፣ የሸፈተ ማለት ምን ማለት ነው? እባክህ ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

«ያው... በሰው እጅ የነበረ ዘር ሆኖ፣ ከሰው እጅ የወጣ።»

«ከእጅ የወጣ» አሉ ጋሽ ልክ። ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ፣ የንብረት አስተዳደር መመሪያውን አወጡ፣ ገጽ መፈለግም አላስፈለጋቸው። «አንቀጽ ሠላሳ አንድ። በኃላፊው እጅ የነበረ፣ ከእጁ የወጣና በኃላፊው ቁጥጥር ሥር ሊውል ያልቻለ ንብረት የጠፋ ይባላል።» መመሪያውን ዘጉት። «የጠፋ ዕቃ አይወገድም። የሌለ ነገር እንዴት ይወገዳል?»

ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየች። «ጋሽ ልክ፣ ያቻትና! እየላሰች!»

«እስቲ ያዢያት።»

ሰብሳቢዋ ወደ መደርደሪያው አንድ እርምጃ ሄደች፤ እሜቴ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ሰብሳቢዋ ተመለሰች።

«እሺ ሐኪሙ ይያዛት» አሉ ጋሽ ልክ። ሐኪሙ አስነጠሰ።

«በእጄ የለችም» አሉ ጋሽ ልክ። «በስምንት ዓመት አንድ ቀን እጄ ገብታ አታውቅም። አለች ብዬ መፈረሜ ነው ውሸቱ። ዛሬ ላርመው ነው።»

ሰብሳቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጠፋ ብለው ከፈረሙ ጉድለት ነው እኮ። ማስጠንቀቂያ ይጻፍብዎታል። የዘንድሮው ምስክር ወረቀት አይኖርም። ይኼ ሁሉ ዓመት ለፍተውበት...» አለችና ግድግዳውን አየች።

ጋሽ ልክም አዩ። ሃያ ሁለቱ ፍሬሞች፣ ከጎናቸው ባዶው ምስማር።  አንዲት እርሳስ ሦስት ቀን ያስጾመቻቸው ሰው ናቸው። መዝገቡን ገለጡ። 0417 ያለበትን መስመር በጣታቸው ተከተሉና በመጨረሻው ዓምድ፣ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቃል ባልተጻፈበት ዓምድ፣ «ጠፍቷል» ብለው ጻፉ።  ከዚያ መዝገቡን ወደ ሰብሳቢዋ ገፉና «ልክ ነው?» አሉ።

ሰብሳቢዋ መስመሩን አነበበች። «ልክ ነው፣ ጋሽ ልክ» አለችና ከሥሩ ፈረመች።

ሐኪሙ ደብተሩን አጠፈ። «እኔ የታዘዝኩት መለያ ቁጥር 0417ን እንድመረምር ነው። ከጠፋ የምመረምረው የለኝም» አለ። የጻፈበትን ገጽ ቀድዶ አፍንጫውን ናፈጠበት።

ማስጠንቀቂያው በሳምንቱ መጣ። ጋሽ ልክ ሦስት ጊዜ አንብበው በግል ማኅደራቸው ውስጥ በራሳቸው እጅ አስቀመጡት። ሻይ ቤት ገብተው «ጎደለ አሉ፣ ጋሼ?» የሚላቸው አልጠፋም፤ ሁለት ሳምንት ሻይ ቤት አልገቡም። ምስማሩን ነቅለው ቀዳዳውን በኖራ ደፈኑት። አመማቸው፤ አላመመኝም ብለው ሊያስመስሉም አልሞከሩ።

መመሪያው ግን በዚህ አላበቃም። አንቀጽ ሠላሳ ሁለት እንደሚለው፣ ንብረት የጠፋበት ኃላፊ በየዕለቱ ፍለጋ አድርጎ ውጤቱን በፍለጋ ቅጽ ላይ ያሰፍራል፤ ዕቃው ከተገኘም ወዲያው ወደ ነበረበት ዝርዝር ይመለሳል። እሜቴ የነበረችበት ዝርዝር ደግሞ የሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ስለዚህ ጋሽ ልክ ጠዋት ጠዋት፣ እሁድም ጭምር፣ አሁን በሕግ፣ ሊፈልጓት ይመጣሉ። ልጃቸው የዓሣውን ጭንቅላት በጋዜጣ ጠቅልላ እጃቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። «ፍለጋው ይቅናህ፣ አባዬ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ዓሣውን አስቀምጠው፣ አንድ ሜትር ከሃያ ርቀው ተቀምጠው፣ እስክትበላ አይተው፣ ቅጹ ላይ «አልተገኘም» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነበርና ይጽፉታል።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ቆርቆሮው እስኪያደነቁር ጮኸ። ጋሽ ልክ ቅጹን ዘርግተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ቀኝ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። እሜቴ ከመደርደሪያዋ ወረደች። ድምፁን ሸሽታ ይሆን፣ ብርድ ይሆን፣ እሷ ታውቃለች። በጠረጴዛው እግር በኩል መጣች። ወንበሩ ላይ፣ ከወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ጋሽ ልክ መተንፈስ አቆሙ። አንድ ሜትር፣ ሰማንያ፣ ሠላሳ፤ ከልማዳቸው የተነሳ በልባቸው ይለካሉ። ከዚያ የሚለካ ነገር አልቀረም። ግንባሯን አውራ ጣታቸው ላይ፣ ራሷ ባሰመረችው ጠባሳ ላይ ደገፈችና ገፋቻቸው። አንገቷን አዙራ እንደገና ገፋቻቸው። ከዚያ ጭንቅላቷን መዳፋቸው ውስጥ አስገብታ ተኛች። ይሞቃል። ከጠበቁት በላይ ትንሽ ነበር።

ጋሽ ልክ እንባቸው ወረደ። የሚያብሱበት እጅ ተይዟልና እንዲሁ ተዉት። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው ነበረች፤ በመመሪያው ቋንቋ፣ በኃላፊው ቁጥጥር ሥር። ዝናቡ አባራ። ዘበኛው ከውጭ «ጋሼ፣ የዛሬው ቅጽ አልቋል? ቢሮ እየጠየቁ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«መጣሁ» አሉ በሹክሹክታ። ቀኝ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ እስክሪብቶውን በግራቸው አነሱ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በተንጋደደ ፊደል፣ በሕይወታቸው በወረቀት ላይ የመጀመሪያ የሆነችውን ውሸት አውቀው ጻፉ፦ «ዛሬም አልተገኘችም።»